ሳትሸጡ፣ ሳታሳዩ፣ ዝም ብላችሁ የምትስሉ አላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ነው የምኖረው። ሥራዬ ሂሳብ ነው፤ ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ስዕል እስላለሁ። አንድም ሸጬ አላውቅም፣ ግድግዳ ላይም ሰቅዬ አላውቅም። አልጋዬ ስር ሁለት ካርቶን ሙሉ ደብተር አለ፤ በቃ እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ቤት መጥታ ካርቶኑን አየችው። ደብተሮቹን አንድ በአንድ ገለጠችና ለምን እንደምስል ጠየቀችኝ። ደስ ስለሚለኝ አልኳት። እሷ አልረካችም፣ እኔም አልረካሁም። ስለዚህ እዚህ ልጠይቅ። እኔ የማምነው ስዕል ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነገር መሆኑን ነው፤ እንጀራ ባይሆንም፣ የሚያየው ሰው ባይኖርም። አንድ ጀበና ለመሳል ሃያ ደቂቃ አፍጥጬ ካየሁት በኋላ ያ ጀበና እንደ ድሮው ዕቃ ብቻ አይሆንልኝም፤ አንገቱ የት ጋ እንደሚቀጥን፣ ጆሮው የት ጋ እንደተጫረ እጄ ያውቀዋል። ይህን ስሜት የምታውቁት ካላችሁ በትዳር፣ በልጅ፣ በሥራ መሀል እንዴት አቆያችሁት? ያቋረጣችሁስ ምን አስቆማችሁ?

ይህን ከጻፍኩ አምስት ቀን ሆነ። መልሶቹ 26 ደርሰዋል። ዘግይታችሁ ለምትገቡ እንዲመች ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ከላይ ጀምሬ ላስቀምጥ።

መልስ 1። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በጣም በትህትና እትዬ ብሎ ጀመረ። ስምንተኛ ክፍል እያለ አንድ አስተማሪ በሂሳብ ደብተሩ ጀርባ የሳለውን አይቶ ክፍሉ ፊት ቀደደበት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እርሳስ ለጽሑፍ ካልሆነ አልነካም። ጽሑፌን ሲያነብ እጁን እንዳሳከከው ነገረኝና ከየት እንደሚጀምር ጠየቀ። ከፊትህ ካለው ነገር ጀምር አልኩት። ጫማህም ቢሆን።

መልስ 2። የሁለት ልጆች እናት ነች፣ አቶቴ አካባቢ። ልጆቿ ሲተኙ አሥር ደቂቃ ታገኛለች። ወረቀት አትገዛም፤ ያለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ ነው የምትስለው። ሁልጊዜም የምትስለው የተኙ ልጆቿን ነው፣ ምክንያቱም የማይንቀሳቀሱት ያኔ ብቻ ነው። ትልቁ አሁን ሰባት ዓመቱ ሲሆን ከአራስነቱ ጀምሮ ያለው ፊቱ በወር በወሩ ካላንደር ጀርባ ላይ አለ። ይህን ሳነብ ተነስቼ ቤቱን ዞርኩ። ከመልሶቹ ሁሉ እስካሁን የማስበው ይሄኛውን ነው።

መልስ 3። አንድ ወንድም በቅንነት ለምን እንደማልሸጥ ጠየቀ። ሐይቁ ዳር እንግዳ አይጠፋም፣ የአሞራ ገደል፣ ማለትም ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ስዕል የሚገዛ ይገኛል አለ። አመሰገንኩት። አንዴ አስቤበት ነበር፤ ለሽያጭ ልስል ስቀመጥ ግን የማየው ሐይቁን ሳይሆን ገዢውን ሆነብኝ።

መልስ 4 ላይ ነገሩ ከረረ። ሰውየው በዚህ የኑሮ ውድነት ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ጀበና ላይ ማፍጠጡ ቅንጦት ነው አለ። ያን ሁሉ ሰዓት ሌላ ነገር ብሠራበት ቤት በሠራሁ ነበር። ቃሉ ከዚህም ይመራል፣ አልደግመውም። የመለስኩለት እንዲህ ነው፤ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ዕቁብ ጥዬ አላውቅም፣ የማንንም ሰዓት አልሰረቅኩም። አንድ እርሳስና አንድ ደብተር ከአንድ ቀን ማኪያቶ ብዙ አይርቅም።

መልስ 5። አንዲት ሴት ለ4ኛው መለሰችለት። ጠዋት ጠዋት ታቦር ተራራ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ለምን በባጃጅ ዞረህ አትሄድም የሚል የለም አለች። ላብ አውጥቶ ወጥቶ፣ ከላይ ሐይቁን አይቶ፣ ተመልሶ ይወርዳል። ከተራራው ይዞ የሚመጣው ዕቃ የለም። ማንም ግን አባከንክ አይለውም።

መልስ 6። ይሄኛው ስዕል ተሰጥኦና ትምህርት ቤት እንደሚፈልግ፣ ያለዚያ ራስን ማታለል እንደሆነ ጻፈ። አፈወርቅ ተክሌ የአዲስ አበባውን የስነ ጥበብ ትምህርት ቤት የከፈቱትም ለዚህ ነው አለ።

መልስ 7 ወዲያው አረመው። ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላም ናቸው፤ ለዚህ ነው ዛሬም በስማቸው የሚጠራው። አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወት የሠሩት ናቸው። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ። አፈወርቅ በልጅነታቸው እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ወደ ስዕል የዞሩት እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። 6ኛው ስህተቱን በጨዋነት ተቀበለ፤ ስለ ተሰጥኦው ግን አልለወጠም። እኔ በዚህ አልስማማም። የመጀመሪያ ደብተሬ ውስጥ ያለው ሰው እጁ ከጉልበቱ በታች ወርዷል። ክንዴን ዘርግቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በእርሳስ መለካት ከለመድኩ በኋላ ነው እጁ ወደ ቦታው የተመለሰው። ይሄ ልምምድ ነው።

መልስ 8። አንዲት እናት ተጨንቃ ገባች። ልጇ ሲስል እርሳሱን ያኝካል። እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው ሲባል ሰምታለች።

መልስ 9። የኬሚስትሪ አስተማሪ ይመስለኛል፣ አነጋገሩ ያስታውቃል። ችግሩ የስም ነው አለ። በእኛ ቋንቋ መጻፊያውም ብረቱም እርሳስ ይባላል። መጻፊያው ውስጥ ያለው ግን ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ከሸክላ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ መርዛማው ብረት የለበትም። ግራፋይትን ከሸክላ ቀላቅሎ መተኮስን ኮንቴ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1795 ነው ያመጣው። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠጥራል፣ መስመሩም ይገረጣል፤ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። እርሳሱ ጎን ላይ ኤች (ጠጣር) ወይም ቢ (ለስላሳና ጥቁር) የሚለው ፊደል ይሄንን ነው የሚናገረው። እናትየው ግን የላይኛውን ቀለም እንዲያኝክም አልተፈቀደለትም ብላ ጻፈች፣ ልክ ናት።

መልስ 10 ከዚሁ ቀጥሎ ጠየቀ፤ 2ቢና 6ቢ ፍለጋ ብዙ ጽህፈት መሣሪያ ቤት ዞሮ ኤችቢ ብቻ አገኘ። በኤችቢም ይቻላል። ጥላውን ደራርቦ መሥራት ነው፣ ደጋግሞ፣ ሳይጫኑ።

መልስ 11 ለ10ኛው የሰጠው መፍትሔ ግን ደስ ስላለኝ እኔም ሞከርኩት። ለስዕል የሚሆን ከሰል ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል አለ። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይወሰዳል፤ ክዳኑ በሚስማር አንድ ቦታ ይበሳል። ልጣቸው የተላጠ፣ እንደ እርሳስ የቀጠኑ፣ በደንብ የደረቁ እንጨቶች ጢቅ ተደርገው ይታጨቁበታል። ከዚያ እሳት ውስጥ ይቀመጣል። ከቀዳዳው ጭስ ይወጣል። ጭሱ ሲቆም ያወጡታል፤ ግን እስኪበርድ ክዳኑን መክፈት የለም፣ ትኩስ እያለ አየር ካገኘ አመድ ይሆናል። እኔ ከጓሮ የተቆረጠ ቀጫጭን የቡና ቅርንጫፍ አደረግኩ፣ ቡና በተፈላበት ፍም ላይ። የመጀመሪያው ጊዜ ቸኩዬ ከፈትኩትና አመድ ሆነ። ሁለተኛው ግን ወጣ። መስመሩ እንደ ቬልቬት ነው፣ በጣት ሲነካ ይሰራጫል። መደምሰሻውም የዳቦ ውስጥ ነው፤ ለስላሳውን በጣት አድቦልቡሎ መጫን። የላስቲክ ላጲስ ከመምጣቱ በፊት ሰዓሊዎች የሚጠቀሙት እሱን ነበር።

መልስ 12። የሐይቅ ዳር ስዕል የሚወድ ልጅ ነው። ጠዋት አሞራ ገደል ሄዶ የሳላቸው ጀልባዎች ሁሉ ጠፍጣፋ ሆኑበት፣ ምክንያቱን አላወቀም። ይሄን ለመመለስ ዓመታት ስለፈጀብኝ በደንብ ጻፍኩለት። ከተማችን ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ናት። ጠዋት ሐይቁን ስታይ ፀሐይ ከጀርባህ ናት፤ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታው ጀልባው ጥላ የለውም። ትንሽ ወደ ጎን ሂድና ዳርቻውን ተከትለህ ቁመቱን ተመልከት፣ ያኔ አንዱ ጎን ይጨልማል። ከሰዓት በኋላ ሂደህ ከሆነ ደግሞ ፀሐይዋ ከሐይቁ በላይ ስለምትሆን ሁሉም ነገር ጥቁር ቅርጽ ይሆንልሃል፤ ያኔ ዝርዝሩን ትተህ ቅርጹን ብቻ ያዝ። አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ጠዋት ሳላቸው አልኩት። የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲጠብቁ ሽማግሌ ይመስል ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ከእነሱ የተሻለ ታጋሽ ሞዴል የለም። እግራቸውን ነጭ አድርገው አልኩት።

መልስ 13 እኔን አረመኝ። የአባ ኮዳ እግር ነጭ አይደለም፣ ጥቁር ነው። ነጭ የሚመስለው ወፉ በራሱ እግር ላይ ስለሚጸዳ ነው፤ ሲሞቀው ሰውነቱን የሚያቀዘቅዝበት መንገድ ነው። ስንት ዓመት ስስለው አላወቅኩም ነበር። በማግስቱ ሄጄ አየሁ፤ እውነትም ከጉልበቱ በላይ፣ ነጩ ያልደረሰበት ቦታ ላይ ጥቁሩ ይታያል። የሳልኩት ስህተት አልነበረም፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩትም ነበር። አሁን ነጩን ስስለው ወደ ታች የፈሰሰ አድርጌ ነው።

መልስ 14። እዚህ ጋ ውይይቱ ሌላ ሆነ። አንዲት ሴት አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ የሚያጸዱ ልጆችንና መረብ የሚጠግኑ ሰዎችን ሳያስፈቅዱ መሳል ነውር ነው አለች፣ በጠንካራ ቃል። ሰው በሥራ ልብሱ፣ እጁ በደም ተነክሮ እያለ አንድ ያልታወቀ ሰው ቁጭ ብሎ ሲስለው ምን ይሰማዋል? ፎቶ የሚያነሱት ሲያስቸግሩ ኖረው አሁን ደግሞ እናንተ? እኔንም አንቺ ብላ ጠርታ ጠየቀችኝ።

መልስ 15 ተናደደ። የሕዝብ ቦታ ነው፣ ዓይን አይከለከልም፣ እርሳስ ካሜራ አይደለም አለ። እሷም መለሰች፣ እሱም መለሰ። ሁለቱም ቁጥር ሳይዙ በአንዱ መልስ ስር ብዙ ተባባሉ፤ የተባባሉትን አላመጣውም።

መልስ 16 ባይመጣ ውይይቱ እዚያው ይበላሽ ነበር። ዓሣ አስጋሪ ነው። አጭር ነው የጻፈው። ፎቶ አንሺው አንስቶ ይሄዳል፣ ምን እንዳነሳ አያሳይም አለ። የሚስለው ግን ቁጭ ይላል፣ ልጆቹ ይከቡታል፣ አፍንጫዬን አበዛኸው እያሉ ይስቁበታል። እሱን የሚያናድደው መሳሉ ሳይሆን ሰላም ሳይባል መቀመጡ ነው። ሰላም ያለ ሰው ይሳል። 14ኛዋ ይሄን አንብባ አመሰገነችው። እኔም ለሷ መለስኩላት፤ በወጣትነቴ በድብቅ እስል ነበር፣ ሰው ቀና ሲል ደብተሬን እዘጋ ነበር። አሁን መጀመሪያ ሰላም እላለሁ፣ ስጨርስ አሳያለሁ፣ ከፈለገ ገንጥዬ እሰጣለሁ። አንዳንዱ ፊቴን አትሳይ ይላል፤ ያኔ እጁን ብቻ ልሳል ብዬ እጠይቃለሁ። መረብ የሚጠግን እጅ ራሱን የቻለ ስዕል ነው። ግን ጥያቄዋ ትክክል ነው፣ ብትቆጣም።

መልስ 17 እና 18 ስለ ዓሣ ናቸው። አንዱ ቆሮሶ ይሻላል አለ፣ ሌላው አምባዛ ያልበላ ዓሣ በላሁ አይበል አለ። ቆሮሶ ነው፣ ጥብሱ።

መልስ 19 ወደ ስዕሉ እንድንመለስ ለመነ።

መልስ 20። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ነው። ከልጅነቱ የብራና መጻሕፍት ላይ ያለውን ሐረግ የሚባል የተጠላለፈ ጌጥ በዓይኑ እየተከተለ ነው ስዕልን የወደደው። አንድ የማላውቀውን ነገር አስተማረኝ። በድሮው የቤተ ክርስቲያን ስዕል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሳላሉ፤ ክፉዎቹ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሰይጣኑ ወይም ከሃዲው ማን እንደሆነ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በዚያ ይለየዋል። እሱ አሁን የቢሮ ሠራተኛ ነው። ስብሰባ ላይ በወረቀቱ ጠርዝ ሐረግ ሲጠልፍ ይውላል፤ እስከ ዛሬ አላቋረጠም።

መልስ 21። ወጣት ይመስላል። ስልኩ ላይ ሁለት መስመር ጽፎ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) በሰከንድ የፈለገውን እንደሚሰጠው፣ ከዚህ በኋላ በእጅ መሳል ትርጉም እንደሌለው ጻፈ። ክፋት የለበትም፣ የሚያስበውን ነው ያለው።

መልስ 22 የካላንደሯ እናት ናት፣ ማለትም 2ኛዋ ተመለሰች። እሱ የሚለው ነገር የልጇን ሥዕል ሊያወጣላት እንደሚችል ታውቃለች። እሷ ግን የምትፈልገው ያቺን አሥር ደቂቃ ነው፤ ልጁ ሲተነፍስ እያየች፣ ሌላ ምንም ሳታስብ። ማሽኑ ያቺን ደቂቃ ሊቀመጥላት አይችልም። እኔ ለእህቴ ልጅ መናገር ያቃተኝ ይሄ ነበር፣ በትክክል ይሄ።

መልስ 23። ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፣ እርስዎ እያሉ ነው ለሁላችንም የጻፉት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ዕድሜ ልካቸውን ቀጫጭን መስመር ሲሠሩ ኖረው አሁን አልሆን አላቸው። ለአንድ ዓመት ተዉት። ቤታቸው ባዶ ሆነባቸው። ከዚያ ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ አድርገው ቆመው፣ ከጣት ሳይሆን ከትከሻ፣ በወፍራም ከሰል መሳል ጀመሩ። ስዕሉ ትልቅ ሲሆን መንቀጥቀጡ ያንሳል አሉ። የሐይቁን ደንገል ሲስሉ ደግሞ መንቀጥቀጡን ይተዉታል፤ ነፋስ ያለበት ይመስላል። ቆርቆሮውን እንደ 11ኛው ሊሞክሩ ነው። ጋሼ፣ እባክዎን ሲሳካልዎ ይጻፉልን።

መልስ 24። ከሻሸመኔ እስከ ዲላ መስመር ሹፌር የነበሩ አባቱን በቅርብ ያጣ ልጅ ነው። ከአልጋው ስር አንድ የብረት ሳጥን አገኘ። አባቱ እንደሚስሉ ቤተሰቡ አያውቅም ነበር። ሳጥኑ ውስጥ የጭነት ደረሰኝ ጀርባ ላይና ደብተር ላይ የተሳሉ ስዕሎች ናቸው፤ አብዛኛው አንድ ዛፍ ነው፣ መንገድ ዳር ያለ ዋርካ። ያው ዛፍ፣ ብዙ ጊዜ፣ ቅጠሉ በዝቶ፣ ቅርንጫፉ ተቆርጦ፣ ስሩ ሰው ተቀምጦበት። ልጁ ዛፉን አያውቀውም፣ መንገዱን ሄዶ ሊፈልገው አስቧል። አሁን እንዴት እንደሚያስቀምጣቸው ነው የጠየቀው።

መልስ 25 እና እኔ ተጋግዘን መለስንለት። የእርሳስ መስመር በብርሃን አይጠፋም፣ ሲነካ ግን ይፈዛል፤ ስለዚህ በየመሀሉ ንጹሕ ስስ ወረቀት ያድርግበት። የእስክሪብቶው ግን ፀሐይ ይበላዋል፤ መስኮት አጠገብ እንዳይሰቅለው። ደረሰኙ ርካሽ ወረቀት ስለሆነ እየቆየ ቢጫ ይሆናል፣ ከደብተሩ ለይቶ ያስቀምጠው። ጀርባው ላይ መጻፍ ከፈለገ በእርሳስ ይጻፍ፣ በእስክሪብቶ ከጻፈ ወደ ፊት ዘልቆ ይወጣል። አሁኑኑ ደግሞ ሁሉንም በስልክ ፎቶ ያንሳ።

መልስ 26 የሱው ነው፣ ትናንት ማታ የመጣ። የመጨረሻው ደብተር ግማሹ ባዶ ነው። በዚያ ባዶ ገጽ ላይ እሱ ቢስል ነውር እንደሆነ ጠየቀ። እስካሁን በውስጥ መስመር አራት ሰው እንዳይነካው ጽፎልኛል፣ የአባት ነገር ነው ብለው። ይገባኛል። እኔ ግን ሳል ነው የምለው። አንድ ገጽ ባዶ ተውና ከዚያ ቀጥል። ዛፉን ካገኘኸው ከእሱ ጀምር።